ግማሽ ማዘዝ የሚቻልባት የደሴ ምሳ ቤት

ደሴ ውስጥ ክብደቱን መቀነስ ወይም ባለበት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ምሳውን የት ይብላ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን ላይ አንዲት ጠባብ ቤት አለች። በሯ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሰው ሁሉ «እትዬ ቤት» ነው የሚላት። ሥጋ የለም፣ ቢራ የለም፣ ለስላሳ የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ አንዳንድ ቀን ፎሶሊያ። በቃ። ግን እዚህ ከተማ ሌላ ቤት ያላገኘሁት ነገር አላት፦ ግማሽ ማዘዝ ይቻላል፣ የሚከፈለውም የግማሽ ነው።

ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ነው።

ሌላ ቦታ በያይነቱ ስናዝዝ የሚመጣውን አስቡት። ትሪውን የሞላ ሙሉ እንጀራ፣ በላዩ ወጡ ተደርድሮ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ተጠቅልሎ የመጣ ሌላ እንጀራ። ጥቅሉን ማንም አላዘዘውም። ከመጣ ግን ይበላል። እንጀራው ቀድሞ ካለቀ እንጀራ ይጨመራል፣ ወጡ ቀድሞ ካለቀ «ወጥ ላድርግልሽ?» ይባላል፣ እንዲህ እየተባለ ሁለቱ እኩል እስኪያልቁ ድረስ ይበላል። አስተናጋጁ ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ምን ያህል እንደምንበላ የወሰነው ትሪው ነው። ሆድ መጥገቡን ለመናገር ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ወደ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ ምሳውን በዚያ ግማሽ ጊዜ ጨርሶ ተነሥቷል። ጥጋቡ የሚደርስበት መንገድ ላይ ነው።

እትዬ ቤት ገና ሳትቀመጡ ልጅቷ «ሙሉ ወይስ ግማሽ?» ትላለች። ግማሽ ካላችሁ ግማሽ እንጀራ ይመጣል፣ ወጡም በልኩ፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ ግን እንደ ሙሉው ነው። ይህቺን ነገር ልብ በሏት። የሚቀነሰው እንጀራውና ወጡ ነው፣ አትክልቱ አይነካም። ሳህኑ ባዶ አይመስልም፣ ሆድም አይጎድልበትም። ካልበቃችሁ ትጨምራላችሁ፣ ለሩቡም ይከፈላል፣ ማንም አያፈጥባችሁም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ ምግብ መተው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ አገር ረሃብን ያውቃል። የ66ቱን ድርቅ ያዩ፣ የ77ቱን ያዩ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ከነሱ እጅ በልተን ያደግን ልጆች እንጀራ ትቶ መነሣት ነውር እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ነው ያወቅነው። ፍርፋሪ አይረገጥም። የተረፈ አይደፋም። እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው «ስትጠግብ ተው» ብሎ መምከር ምንም አይሠራም። አይተውማ! ፊቱ የቀረበውን ይጨርሳል፣ ደግሞም መጨረሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ልኩ መወሰን ያለበት ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ነው። ከቀረበ በኋላ የሚደረገው ትግል ከራስ አስተዳደግ ጋር የሚደረግ ትግል ነው፣ እሱን ደግሞ በየቀኑ ማሸነፍ አይቻልም።

አንድ ቀን ሰው ሳይበዛበት ቤቱ ትንሽ ቀለል ሲል እትዬን ለምን ግማሽ እንደሚሸጡ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጨምሩልኝ ማለት ምን ነውር አለው? ነውሩ መድፋት ነው» አሉኝ። ስለ ክብደት አንድም ቃል አልተናገሩም። ለሳቸው ጉዳዩ የእህል ክብር ነው። ለኔ ግን ብዙ ያነበብኩት የአመጋገብ ምክር ካደረገልኝ በላይ ያደረገልኝ ይህ አሠራር ነው።

ስለ ክብደት ወሬ ሲነሣ ሰው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሁሉም በእጅህ ነው፣ አፍህን ያዝ» ይላል። ሌላው «ዘር ነው፣ ሆርሞን ነው፣ ኑሮው ነው» ይላል። ሁለተኛው ሐሰት አይናገርም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፣ የእንቅርት እጢ ሥራ ሲቀንስ ክብደት ይጨምራል፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ፣ ከወሊድ በኋላ የሚቀር ኪሎ አለ። ስለዚህ የወፈረን ሰው ሁሉ ሆዳም ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው፣ ጭካኔም ነው። ግን ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የሚቀር አንድ ክፍል አለ፣ እሱም ዕለት ዕለት እጃችን የሚያደርገው ነው። ስንት ማንኪያ ስኳር፣ ስንት እንጀራ፣ ወደ ቤት በእግር ነው ወይስ በባጃጅ። ያንን ክፍል ማንም ሊወስድልን አይችልም። ጥሩ ምግብ ቤት የምለው ያንን ውሳኔ ከፊታችን አስቀምጦ «ምን ላምጣ?» የሚለኝን ነው። እትዬ ቤት ይህን ታደርጋለች።

ወደ ምግቡ ልግባ። ምስሩ በጣም ጥሩ ነው። በርበሬው አያቃጥልም፣ ግን ይታወቃል፣ መጨረሻ ላይ የምትገባው መከለሻ ሽታዋ ከበሩ ይቀበላችኋል። ክኩ ለስለስ ያለ ነው፣ እርዱ አይበዛበትም። ጎመኑ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ነው የሚሠራው፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ይወጣል፣ ይህ ደግሞ ብዙ ቤት የማይገኝ ነው፤ ሌላ ቦታ ጎመን ሲባል ጠቁሮና በዘይት ተነክሮ ነው የሚመጣው። እንጀራው አንዳንድ ቀን ማሽላ ይቀላቀልበታል። ማሽላ ያለበትን ቀን እኔ እወደዋለሁ፣ ጠጠር ስለሚል ቀስ ብሎ ያስበላል። ነጭ ጤፍ ብቻ የለመደ ሰው ላይወደው ይችላል። ድንቹ ተራ ነው፣ ስለሱ የምለው የለኝም።

ዘይቱ ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። እዚህ ከተማ ሽሮ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ቤቱ የሰሰተ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነው፣ የዘይቱ መጠን የአክብሮቱ መጠን ይሆናል። ቁጥሩን ግን እንየው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፣ 1 ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች 4 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስርም 116 አካባቢ ነው። ምስሩ ግን 9 ግራም ፕሮቲንና ወደ 8 ግራም ፋይበር ይዞ ይመጣል፣ ለሰዓታት ያቆያል፣ ዘይቱ ሆድ ውስጥ ቦታ እንኳ አይዝም። አንድ ሰው ድርሻ ላይ ሦስት ማንኪያ ዘይት የሚያፈስ ቤት ሳይታወቃችሁ ሌላ ምሳ ጨምሮ አብልቷችኋል ማለት ነው።

«የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚለው አባባልም የሚፈርሰው እዚሁ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ቅቤና ሥጋ የለም፣ እውነት ነው። ግን ሽሮው በዘይት፣ ፍርፍሩ በዘይት፣ ድንቹ በዘይት፣ ከሰዓት ደግሞ ፓስቲና ቦምቦሊኖ። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመው ክብደት ጨምረው የሚወጡ ሰዎች አሉ፣ እኔ የማውቃቸው አሉ፣ እነሱም ይገርማቸዋል። ረመዳንም ላይ እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ የዋለ ሆድ በተምርና በሾርባ ሲከፈት ደስ ይላል፣ ከዚያ ሳምቡሳው በሰሃን ይከተላል፣ ከዚያ ስኳር የተጨመረበት ጁስ፣ ከዚያ ዋናው ምግብ። ጾሙ ምንም አላጠፋም። የተበላው ግን ተቆጥሯል።

እትዬ ቤት ቁሌቱን ውኃ ጠብ እያደረጉ ረጅም ሰዓት ነው የሚያበስሉት። ሽንኩርቱ እስኪሟሟ ይቆያል፣ ዘይቱ በኋላ በማንኪያ ይገባል። ወጡ የሚወፍረው በሽንኩርቱ ነው። ጠዋት አለፍ ካላችሁ ገና በሦስት ሰዓት ሽንኩርቱ እሳት ላይ ነው። ይህ ጊዜና እንጨት ይፈጃል፣ ለዚህ ነው ብዙ ቤት የማያደርገው። ዘይት ማፍሰስ ቶሎ ያደርሳል። ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ፣ አብሽሩ፣ ይቻላል፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ማታ ማታ ሞክሬዋለሁ፣ ቤተሰቤም ዘይት የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ቤቷ ሥጋ አለመሸጧ ሌላም በረከት አለው። ደሴ ውስጥ ሥጋ ሲሆን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የየራሱ ቤት አለው፣ አንድ ቢሮ የሚሠሩ ጓደኛሞች ምሳ ሰዓት ላይ ይለያያሉ። እዚህ ግን አንድ ትሪ ላይ ይቀመጣሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም፣ ሰኞና ሐሙስ የሚጾመውን ጓደኛውን ትቶ የመጣውም፣ «እንብላ» ሲባል ያለ ሐሳብ እጁን ይዘረጋል። ስለ ክብደት የሚጽፍ ሰው ለምን ይህን አነሣ ትሉ ይሆናል። ልምድ ብቻውን ለሚበላ ሰው ቶሎ ይፈርሳል፣ ለዚያ ነው። እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አብረን ግማሽ ግማሽ ማዘዝ ከጀመርን ወዲህ ማናችንም ወደ ሙሉው አልተመለስንም። አንዷ ስታቅማማ ሌላዋ ቀድማ «ሦስት ግማሽ» ትላለች።

ሻዩም መልካም ነው። ስኳሩ ለብቻው ነው የሚመጣው። በብዙ ቤት ሻይ ሲታዘዝ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተኝቶ ይመጣል፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ 12 ግራም። በቀን አራት ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ ደሴ ደግሞ ብርዷ ከአራትም በላይ ታስጠጣለች፣ 48 ግራም ስኳር በሻይ ብቻ ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተጨማሪ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ አጠቃላይ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። እንግዲህ ሻዩ ብቻውን ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ ስፕሪሱ ገና አልተቆጠረም። ስኳር ለብቻው ሲመጣ ሰው ቢያንስ እጁን ያያል። እኔ ከሦስት ወደ አንድ ማንኪያ የወረድኩት በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ እየቀነስኩ ነው፣ ምላስም ይለምዳል። አሁን ሦስት ማንኪያ ያለበት ሻይ ሲሰጡኝ መጨረስ ያቅተኛል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ።

ጨው ይበዛል። በተለይ ሽሮው ላይ። ዘይት የቀነሰ ቤት ጣዕሙን በጨው ለማካካስ ይመስለኛል፣ ግን ለቀን የሚመከረው ጨው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ነው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ደም ብዛት ያለበት ሰው ይህን ቤት ሲጎበኝ ሽሮውን ቢያልፍ ይሻለዋል። ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ «እሺ ልጄ» ብለዋል፣ እስካሁን ብዙ ለውጥ አላየሁም።

«ግማሽ» የሚባለውም በየቀኑ አንድ አይደለም። እንጀራውን የምትቆርጠው ልጅ እጇ አንዳንዴ ወደ ሙሉው ያደላል፣ ከልቧ ደግ ስለሆነች ነው፣ ግን ግማሽ ከተባለ ግማሽ ይሁን። ፍራፍሬ የለም። ሙዝና ብርቱካን ደጃፉ ላይ በጋሪ እየተሸጠ ቤት ውስጥ አንድ እንኳ አለመኖሩ ያሳዝናል። እጅ መታጠቢያው አንድ ቧንቧ ነው፣ ውኃ የጠፋ ቀን በጆግ ነው የሚያስታጥቡት። ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ዱካዎች ናቸው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መነሣት ከባድ ነው። ክብደት የጨመረ ሰው ጉልበቱን ማመሙ ደግሞ የተለመደ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ከፍ ያሉ ወንበሮች ቢኖሩ ጥሩ ነበር። ቁርስም አትሂዱ። ቁርስ ላይ ያለው ዳቦና ሻይ ብቻ ነው፣ ጥቅሙ አይታየኝም።

ቤቷ ልታደርገው የማትችለውም ነገር አለ፣ ሳልናገረው ባልፍ ያልሆነ ተስፋ እሰጣለሁ። ምሳ ከቀኑ አንድ ገበታ ብቻ ነው። ምሳን አስተካክሎ ማታን መልቀቅ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ማታ ቤት ስንገባ አንድ ትሪ ነው። አራት፣ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ራሱ የበላውም አያውቅም። ከዚያ እናት ወይም አክስት «በሞቴ!» ብላ ታጎርሳለች። ይህን ልማድ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። ለየብቻ በሳህን እንብላ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልቀበለውም፣ ጉርሻ የፍቅር ነገር ነው፣ ክብደት ለመቀነስ ብዬ የእናቴን እጅ አልመልስም። የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከመጀመሬ በፊት ድርሻዬን እንጀራ ከፊቴ ቆርሼ አስቀምጣለሁ፣ ያ ሲያልቅ እጄን እታጠባለሁ፣ ጉርሻ ከመጣ አንድ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ቅር ብሏት ነበር፣ አሁን ራሷ ነች «ድርሻሽን ቁረሺ» የምትለኝ። እሷም ስኳር ስላለባት ድርሻዋን ትቆርሳለች።

ቡናውም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ወሎ ላይ ቡና ሳይጠጣ የሚያልፍ ቀን የለም፣ እንዲያልፍም አልመኝም። ቡናው ራሱ ምንም ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። የሚጨምረው ስኳሩና ቡና ቁርሱ ነው። ቆሎ ጥሩ ነው፣ የሚታኘክ ስለሆነ ቀስ ያስብላል፣ ግን እፍኝ እፍኝ እየተዘገነ ሦስቱን ዙር ካለፈ ሌላ ገበታ ሆነ። ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻና የዘይት ብስኩት ግን ባይቀርብ እመርጣለሁ። ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን ቆሎ ብቻ አድርገነዋል፣ ቡናው ምንም አልጎደለበትም።

ሌላው የሚከብደው የሰው አፍ ነው። ሰው ሲወፍር «ተስማምቶሻል!» ይባላል፣ ሲከሳ ደግሞ «ምነው? አሞሽ ነው?» ይባላል። ረሃብና በሽታ ባየ አገር መክሳት የክፉ ምልክት ሆኖ ቢታይ አይገርምም፣ የሚሉትም ከፍቅር ነው። ግን አስቦበት፣ ለጤናው ብሎ ኪሎ የቀነሰን ሰው በየመንገዱ «ታመሃል?» እያሉ ወደ ድሮው እንዲመለስ የሚገፋፉት ወዳጆቹ ናቸው። እኔ መልሴ አጭር ነው፦ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ፈልጌ ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጥም። እናንተም እባካችሁ፣ የከሳ ሰው ስታዩ መጀመሪያ ደህና መሆኑን ጠይቁ እንጂ በሽታ አትስጡት።

ከምሳ በኋላ የሚመጣውም የራሳችን ነው። ደሴ በጦሳ ሥር የተቀመጠች፣ ሽቅብና ቁልቁል የሆነች፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ነች። ስፖርት ቤት ባይኖር እንኳ መንገዷ ስፖርት ነው። ግን ሦስት መቶ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ እንይዛለን። ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፣ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ከእትዬ ቤት ወጥቼ በእግሬ ወደ ሥራ ስመለስ ያ ጊዜ ይሞላል። ለዚህም ምንም አልከፍልም።

ኮምቦልቻ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «እናንተ ብርድ ስለሆነ ሻይ ይበቃችኋል፣ እኛ ጋ ሙቀቱ ለስላሳ ያስጠጣል» ይሉኛል። አውቃለሁ፣ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ሲለወጥ ይታወቃል። በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚወጡ ወጣቶች ምሳቸውን ቆመው ሊበሉ ምንም አይቀራቸውም፣ ሰዓታቸው አጭር ነው፣ ከእንጀራው ጋር ለስላሳ ይይዛሉ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ማለትም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ። ሙቀትን የሚያበርደው ደግሞ ውኃው ነው፣ ስኳሩ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ እንደ እትዬ ቤት ያለ አንድ ቤት ቢከፈት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጆግ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ፣ ሰው ይሞላዋል ብዬ አምናለሁ።

በየሱቁና በየቴሌግራሙ ስለሚሸጠው «የሚያከሳ ሻይ» ብዙ አልልም። እንዲህ ዓይነት ሻዮች ብዙውን ጊዜ ሆድ የሚያስኬድ ነገር አለባቸው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው፣ ሲጠጣ ይመለሳል። ለሱ የሚወጣውን ብር ለጎመንና ለምስር አውጡት።

ሚዛንም ላይ አትጨነቁ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች በሄዳችሁበት ሁሉ እየተመዘናችሁ አንዴ ተደስታችሁ አንዴ አትዘኑ። ሰውነት በውኃና በጨው ብቻ በቀን ውስጥ አንድና ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሚዛን ምረጡ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሳትበሉ ተመዘኑ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ሐኪም ጠይቁ። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ስኳርና የልብ ሕመም የመምጣት ዕድላቸው ይጨምራል፣ ይህን የሚነግራችሁ ሚዛኑ አይደለም። የኔ ክብደት ቀስ እያለ ወርዷል፣ ባለበትም ቆይቷል፣ ከሁሉ የምደሰተው በመቆየቱ ነው።

የደሴ ምግብ ቤት ባለቤቶች ይህን ካነበባችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ግማሽ ሽጡ። የጾም ቤት ብቻ አይደለም፣ ጥብስ ቤቱም ግማሽ ጥብስ ይሽጥ፣ ክትፎውም ቁርጡም። ኪሳራ አይሆንባችሁም፣ እትዬ ቤት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቀመጫ አይገኝም። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ግማሽ ማዘዝ መቻል ለኪስም ነው፣ ሙሉውን የመክፈል አቅም የሌለው ተማሪም ይበላል። ዘይቱንም ጠይቁን። «ዘይት ይብዛ ይነስ?» ማለት አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ረቡዕና ዓርብ ወረፋው በር ድረስ ነው፣ ሰባት ሰዓት ካለፈ ምስሩ ያልቃል፣ የሚቀረው ሽሮ ነው። እሑድ ዝግ ነው። በረመዳን ቀን አይሠሩም፣ ማታ ላይ ሾርባ አለ፣ አጃ ያለበት፣ በጣም ይጣፍጣል። ዋጋው ከአካባቢው ቤቶች አይበልጥም። ጨው እንዲቀንሱላችሁ ገና ስትቀመጡ ንገሩ፣ በኋላ ሲነገር አይሰማም። ግማሽ ስትሉ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ቤቱ ጫጫታ ስለሆነ ልጅቷ ካልሰማች ሙሉ ነው የምታመጣው።